አዲስ አበባ የጣፈጠው ታይሚንግ መተሐራ ላይ ፒስተን ሲበላ፦ የአንዲት ቮልስ ጉዳይ

መኪናዋ በ1971 እ.ኤ.አ. የተሠራች ቮልስ ናት፤ ሞዴሏ 1302 ኤስ፣ ከፋብሪካ የወጣችው በ1600 ሞተር። አሁን ያ ሞተር በስም ብቻ ነው የቀረው። ካሚቻና ፒስተኑ (ካሚቻ ፒስተኑ የሚመላለስበት ቀፎ ነው) በ87 ሚሊ ሜትር ተቀይሮ 1641 ሲሲ ሆኗል። ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ሬክቲፊካ ቤት፣ የሞተር አካል የሚላጭበት፣ ገብቶ ፊቱ ተላጭቷል። ካምሻፍቱ ቫልቮቹን ከፋብሪካው ረዘም ላለ ጊዜ ከፍቶ በሚይዝ ተተክቷል። ብልጭታውን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተርም ወጥቶ መካኒኮች በቁጥሩ መጨረሻ ዜሮ ዜሮ ዘጠኝ የሚሉት የቦሽ ዲስትሪቢውተር ገብቶበታል። ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ግን አንዱ የድሮው 34 ፒክት ነው።

ባለቤቷ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው። እህታቸው መተሐራ ስለምትኖር በየጊዜው ይወርዳሉ። ቅሬታቸውን የነገሩኝ እንዲህ ብለው ነው፦ «እዚህ ከተማ ውስጥ እንከን አይወጣላትም። ናዝሬትን ካለፍኩ በኋላ ጉልበቷ ይከዳኛል፤ በሰቃ ሐይቅ ዳር ስደርስ ደግሞ የሞተሩ ሽታ ልብሴ ላይ ይቀራል። ስመለስ ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ መውጣት አቅቷት በሁለተኛ እጎትታታለሁ። አዲስ አበባ ስገባ መልሳ ደህና ትሆናለች። ይኼን ነገር አስረዳኝ።»

ከእኛ በፊት ሁለት ጋራዥ አይቷታል። የመጀመሪያው ሞተሩን ሠርቶ ሲያስረክባቸው መኪናዋ ደካማ ነበረች፤ ቤንዚን ትጠጣለች፣ ማታ ማታ የማርሚታው (የጭስ ማውጫው) አንገት ቀልቶ ይታያል። ሁለተኛው ዲስትሪቢውተሩን አላልቶ፣ ታይሚንጉን (ብልጭታው የሚዘልበትን ጊዜ) እየለወጠ፣ ሞተሩን እያስነሳ፣ በጆሮው እየሰማ «ስትስቅ» አሠራት። ከዚያ ወዲህ በከተማ ውስጥ የሚቀድማት ቮልስ የለም። የመተሐራው ችግር የጀመረውም ከዚያ ወዲህ ነው። ይህች የጊዜ ቅደም ተከተል ለምርመራው ዋናዋ ፍንጭ ነበረች፤ የተናገሯት ግን ለመሄድ ሲነሱ ነው።

ካንዴላዎቹ የነገሩን

ብልጭታ የሚሰጡትን አራቱን ካንዴላ አውጥተን በብርሃን አየናቸው። የሦስቱ ሸክላ ወደ ነጭ ያደላል፤ ደህና የሚሠራ ሞተር ላይ የምንጠብቀው ቡናማ ቀለም የለም። የሦስተኛው ሲሊንደር ካንዴላ ግን ሌላ ነገር ነበረበት፦ ነጩ ሸክላ ላይ ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰበት የሚመስል ጥቁርና ብልጭ የሚል ደቃቅ ነጠብጣብ። በማጉያ መነፅር ሲታይ ብልጭ የሚለው አሉሚኒየም ነው። ሞተሩ ውስጥ አሉሚኒየም ከየት ይመጣል? ከፒስተኑ አናት። ድብልቁ በሥርዓቱ መቃጠሉን ትቶ ሲፈነዳ፣ ማለትም ሞተሩ ሲያንኳኳ፣ የፒስተኑን ፊት እየቆነጠረ ይረጨዋል።

«ሲያንኳኳ ግን አልሰማሁም» አሉ ባለቤቷ። እውነታቸውን ነው። ውሃ የሚያቀዘቅዘው ሞተር ሲያንኳኳ ሹፌሩ ይሰማል። ቮልስ ውስጥ ግን የማራገቢያው ጩኸት፣ የቫልቮቹ ኳኳታ፣ የማርሚታው ፉጨት ሁሉ ከኋላ ይመጣልና በ90 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ማንኳኳትን ለይቶ መስማት ከባድ ነው። በዚህ ሞተር ላይ ማንኳኳት በጆሮ የተሰማ ዕለት ብዙ ጊዜ ጉዳቱ አስቀድሞ ደርሷል።

ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየሩን ጨምቆ የሚያደርሰውን ግፊት) ለካን፤ ሦስቱ ከ92 እስከ 98 ፒ.ኤስ.አይ.፣ ሦስተኛው 88። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የፋብሪካውን መጽሐፍ ይዞ የሚያነብ ሰው ቁጥሩን አይቶ «ሞተሩ አልቋል፣ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ይቀየር» ይላል። መጽሐፉ የተጻፈው ለባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ የአየሩ ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው 101 ጋር ሲነጻጸር ሦስት አራተኛው። ጌጁም የሚያነበው በዚያው ልክ ቀንሶ ነው። ስለዚህ የሦስቱ ሲሊንደር ደህና ነው፤ የሦስተኛውም ለመጣል የሚያደርስ አይደለም፤ ልዩነቱ ግን አንድ ነገር መኖሩን ይናገራል።

ሞተሩን ለማውረድ ወሰንን። ቮልስ ላይ ይህ እንደሌላው መኪና አያስፈራም፤ አራት ዋና ቡሎኖች፣ ጥቂት ሽቦና የቤንዚን ቱቦ ነው። ቴስታታው ሲነሳ የሦስተኛው ፒስተን አናት ዳሩ ላይ፣ ከጭስ ማውጫው ቫልቭ በኩል፣ ጥፍር በሚያክል ቦታ ተበልቶ ሻክሯል። ጣት ሲያልፍበት ይቧጥጣል። ፋሻው አልተሰበረም፣ በነፃነትም ይንቀሳቀሳል። ሹል ሹሉን በደቃቅ ወረቀት አለሰለስነው፤ ሹል ጫፍ ሞተር ውስጥ ከቀረ ራሱ ፍም ሆኖ ድብልቁን ካለጊዜው ያቀጣጥላል። ፒስተኑን መቀየር አላስፈለገም። ሌላ አንድ ጉዞ ቢጨመር ኖሮ ግን ያስፈልግ ነበር ባይ ነኝ።

ቴስታታው ክፍት ሳለ ሌላም ነገር ለካን። የመቃጠያ ክፍሉን በሐኪም ሲሪንጅ ዘይት እየሞላን ስንሰፍር 48 ሲሲ ሆነ። ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከካሚቻው አፍ 1.2 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል፤ በ87 ሚሊ ሜትር ስፋት ይህ 7 ሲሲ ገደማ ነው። አንዱ ሲሊንደር 410 ሲሲ ስለሚወስድ የመጭመቂያ ምጣኔው 8.4 ለ1 ይመጣል። ፋብሪካው ለዚህ ሞተር የሰጠው 7.5 ለ1 ነበር። መሐንዲሱ ሒሳቡን ራሳቸው በወረቀት ደግመው ሠርተው «ማንም ይኼን አልነገረኝም» አሉ። ቴስታታ ሲላጭ ምጣኔው ስንት እንደደረሰ የሚለካ ሬክቲፊካ ቤት እምብዛም አይገኝም፤ ደንበኛውም አይጠይቅም።

ምልክቱ ራሱ ይዋሽ ነበር

ታይሚንግ ስንል የምንናገረው ብልጭታው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ በፊት ስንት ዲግሪ ቀድሞ እንደሚዘል ነው። መቅደሙ ግድ ነው፤ ድብልቁ ተቃጥሎ እስኪያልቅ ጊዜ ይወስዳል። በደቂቃ 3,000 ዙር የሚሽከረከር ክራንክሻፍት (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) በሺህኛ ሴኮንድ ውስጥ 18 ዲግሪ ይዞራል። ግፊቱ ከፍ ያለበት ቅጽበት ፒስተኑ ጫፍ ደርሶ ጥቂት ወደ ታች ሲወርድ፣ 15 ዲግሪ አካባቢ ላይ፣ እንዲገጥም ይፈለጋል። ብልጭታው ከዘገየ እሳቱ ማርሚታ ውስጥ ገብቶ ያልቃል፤ ጉልበት ይጠፋል፣ የጭስ ማውጫው ይቀላል። ከቀደመ ደግሞ ፒስተኑ ገና እየወጣ ሳለ ግፊቱ ይቀበለዋል።

ይህ ሁሉ የሚለካው በፑሊው፣ በክራንክሻፍቱ ጫፍ ላይ በሚዞረው ክብ፣ ላይ ባለው ምልክት ነው። ቮልስ ላይ የሞተሩ ሁለት ግማሽ የሚጋጠምበት መስመር እንደ ጠቋሚ ያገለግላል፤ ፑሊው ዳር ላይ ደግሞ የተጫረ ጭረት አለ። የዚህች መኪና ፑሊ አንድ ጭረት ብቻ ነበረው። ሞተሩን የሠራው ጋራዥ ያንን ጭረት የለመደው 7.5 ዲግሪ ቀዳሚ ምልክት ነው ብሎ ወስዶታል፤ በብዙዎቹ የቮልስ ፑሊዎች ላይ ያለው እሱ ስለሆነ አይፈረድበትም። ነገር ግን ፑሊው የዚህች መኪና አልነበረም። ባለቤቷ ሲያስታውሱ የድሮው ተሰንጥቆ ስለነበር ሶማሌ ተራ ሌላ ተገዝቶለታል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩ አንዳንድ የቮልስ ሞተሮች ላይ ጭረቱ ያለው ከጫፍ በፊት ሳይሆን ከጫፍ በኋላ 5 ዲግሪ ላይ ነው፤ በጊዜው የጭስ ቁጥጥር ሕግ ምክንያት በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲሠራ) ላይ ብልጭታውን የሚያዘገይ ዲስትሪቢውተር ነበራቸው።

ይህንን በግምት መተው አይቻልም፤ መረጋገጥ አለበት። አሮጌ ካንዴላ ወስደን ሸክላውን አውጥተን በቦታው ቡሎን በየድንበት። አራቱንም ካንዴላ አወጣን፣ ይህንን ማገጃ አንደኛው ሲሊንደር ላይ አሰርን፤ ከዚያ ሞተሩን በእጅ ብቻ፣ በጭራሽ በስታርተር ሳይሆን፣ ፒስተኑ ቡሎኑን እስኪነካ ቀስ ብለን አዞርን። በጠቋሚው ትክክል ፑሊው ላይ መስመር ተደረገ። ወደ ሌላኛው አቅጣጫ አዙረን እንደገና ሲነካ ሌላ መስመር። የሁለቱ መስመሮች እኩሌታ እውነተኛው ጫፍ ነው፤ መካኒክ ቲዲሲ የሚለው። ከዚያ የተገዛው ፑሊ ጭረት ከእውነተኛው ጫፍ በስተግራ 7.5 ሚሊ ሜትር ርቆ ተገኘ።

ሚሊ ሜትሩን ወደ ዲግሪ ለመቀየር ምንም መሣሪያ አያስፈልግም። የፑሊውን ዙሪያ በወረቀት ጠቅልለን ለካን፣ 55 ሴንቲ ሜትር ነው። ለ360 ሲካፈል አንድ ዲግሪ 1.5 ሚሊ ሜትር ይመጣል። 7.5 ሚሊ ሜትር ማለት 5 ዲግሪ ነው፤ ፑሊው በሰዓት አቅጣጫ ስለሚዞር ደግሞ በግራ ያለ ምልክት ከጫፍ በኋላ ነው የሚደርሰው። ጥርጣሬው ተረጋገጠ። ያንኑ ወረቀት ለ12 አጥፈን አንዷን እጥፋት፣ 4.6 ሴንቲ ሜትር፣ ከእውነተኛው ጫፍ በስተቀኝ ለክተን የ30 ዲግሪ ምልክት አደረግን። 28ን እና 32ንም በጎንና በጎኑ ጫርን። ለጫፉ ነጭ ቀለም፣ ለ28 ቀይ።

አሁን የሁለቱ ጋራዦች ታሪክ በራሱ ተፈታ። የመጀመሪያው «7.5 ቀዳሚ» ብሎ ያስተካከለው በእውነቱ 5 ዲግሪ ዘግይቶ ነበር። ዜሮ ዜሮ ዘጠኙ በፍጥነት 22 ዲግሪ ያህል ሲጨምርበት ከፍተኛው 17 ላይ ይቆማል። ሞተሩ 30 አካባቢ ይፈልግ ነበር። ማርሚታው የቀላው፣ ቤንዚን የበላው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ምልክቱን ትቶ በጆሮው ሄደ፤ እኛ በታይሚንግ መብራት (በየብልጭታው እየበራ ምልክቱን ቆሞ በሚያሳይ መብራት) ስናየው ሚኒሞ ላይ 16፣ በደቂቃ 3,500 ዙር ላይ 38 ዲግሪ ተገኘ።

ለምን አዲስ አበባ ላይ አልከፋም

ሁለተኛውን መካኒክ ለመውቀስ የሚቸኩል ሰው እዚህ ላይ ቆም ማለት አለበት። ጆሮው አልዋሸውም። አዲስ አበባ ላይ ሲሊንደሩ የሚሞላው አየር ባሕር ጠለል ላይ ካለው አንድ አራተኛ ያህል ያነሰ ነው። አየር ሲሳሳ እሳቱ ቀስ ብሎ ይጓዛል፣ ስለዚህ ሞተሩ ብልጭታው ቀደም እንዲልለት ይወዳል። የመጨረሻው ግፊትም ዝቅ ስለሚል ለማንኳኳት ሩቅ ነው። በዚያ ላይ ረዥም ሰዓት የሚከፍተው ካምሻፍት በዝቅተኛ ዙር ሲሊንደሩን በደንብ አይሞላም፤ ያም ብልጭታን ወደፊት ይጠይቃል። 38 ለዚህ ሞተር እዚህም ቢሆን በዝቷል፤ ከተማ ውስጥ ግን ማንም በሙሉ ነዳጅ 3,500 ዙር ላይ ደቂቃዎች አይቆይም፤ ከስታዲየም እስከ ሜክሲኮ ባለው መጨናነቅ ውስጥ ይህ ጥፋት አይገለጥም።

ሌላም ምክንያት ነበረው። ዜሮ ዜሮ ዘጠኝ ቫኩም (በሞተሩ የአየር መሳብ የሚሠራ ማስቀደሚያ) የለውም፤ ብልጭታውን የሚያስቀድመው በዙር ብቻ፣ በውስጡ ባሉ ክብደቶችና ስፕሪንጎች ነው። ከአንድ ካርቡሬተር ጋር ሲጋጠም ነዳጅ ሲሰጡት አፍታ ያመነታል፤ ይህ ቮልስ የሚሠራ ሁሉ የሚያውቀው ጠባዩ ነው። መካኒኩ ያንን ማመንታት ለማጥፋት ዲስትሪቢውተሩን አስቀደመ፣ ማመንታቱም ጠፋ። ጉድለቱን ከሚኒሞ ላይ አንስቶ ከፍተኛው ዙር ላይ ከመረው። እዚያ ደግሞ ማንም አላየውም፣ መብራት አልተያዘማ።

አሁን ወደ መተሐራ እንውረድ። ከተማዋ ከ1,000 ሜትር በታች ናት፤ ግፊቱ 90 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ይሆናል። ሙቀቱ አየሩን ትንሽ ቢያሳሳውም ሲሊንደሩ ከአዲስ አበባው ከመቶ 13 ያህል የበለጠ አየር ይውጣል። የሚገባው አየር 35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው። ሞተሩ 8.4 ለ1 ይጨምቀዋል፣ ብልጭታው 38 ላይ ይዘላል፣ መንገዱ ደግሞ ፈጣን ነው፤ ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ ያለውን የክፍያ መንገድ እግር ሳይነሱ ነው የሚነዱት፣ ሞተሩ እየጋለ ነው ወደ ቆላ የሚገባው።

ይህ ብቻ ቢሆን እንኳ ይበቃል። ካርቡሬተሩን ስንፈታ ግን ሜይን ጄቱ (ቤንዚን የሚያልፍበት ዋናው ቀዳዳ) 112.5 ሆኖ ተገኘ። ቁጥሩ የቀዳዳው ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር መቶኛ፤ ለዚህ ካርቡሬተር የተለመደው 127.5 አካባቢ ነው። «ቤንዚን ይቆጥብልዎታል» ተብለው ነው። ሒሳቡን ከመሐንዲሱ ጋር ሠራነው። ካርቡሬተር ወደ ደጋ ሲወጣ በራሱ ቤንዚን ያበዛል፤ አዲስ አበባ ላይ ከመቶ 15 ገደማ። ስለዚህ እዚህ ጄቱን ትንሽ ማሳነስ ያስኬዳል፣ 118 ወይም 120 ቢሆን ልክ ነው። 112.5 ግን በቀዳዳ ስፋት ስሌት ከ127.5 ከመቶ 22 ያነሰ ቤንዚን ነው የሚያሳልፈው። አዲስ አበባ ላይ ከመቶ 10 ያህል ይጎድላል፤ መተሐራ ላይ ጉድለቱ ወደ 17 ይደርሳል። ቤንዚን ያነሰው ድብልቅ ይግላል፣ ለማንኳኳትም ይቀርባል። የካንዴላዎቹ መንጣት የመጣው ከዚህ ነው።

ለምን ሦስተኛው ሲሊንደር? በድሮዎቹ ቮልሶች ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው የሦስተኛውን አየር ስለሚዘጋ ሦስተኛው ሁልጊዜ ይግላል ይባላል፣ እውነትም ነው። በ1971 ሞዴል ግን ፋብሪካው ማቀዝቀዣውን ከማራገቢያው ሽፋን ውጭ አውጥቶ የራሱ አየር ሰጥቶታል። የዚህችን ሽፋን ስናይ ማቀዝቀዣው በቦታው አለ፣ አየሩን የሚመራው ቆርቆሮ ግን ጠፍቷል። ሞተር ሲወርድ «ይኼ ትርፍ ነው» ተብሎ የሚጣል ቆርቆሮ ቮልስ ላይ የለም። ሌላ አግኝተን ገጠምን።

ማስተካከሉ

ቅደም ተከተሉ ይወስናል። መጀመሪያ የቫልቮቹ ክፍተት፣ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ፣ 0.15 ሚሊ ሜትር። ቀጥሎ ኮንታክት ፖይንቱ (ዲስትሪቢውተሩ ውስጥ ሲከፈት ብልጭታውን የሚያስነሳው)፣ 0.4 ሚሊ ሜትር። ታይሚንግ የመጨረሻ ነው፤ የኮንታክቱን ክፍተት ከነካህ ታይሚንጉ ይቀየራል፣ ታይሚንጉን ብትነካ ግን ክፍተቱ አይቀየርም። ይህን ገልብጦ የሚሠራ ሰው ሁለት ጊዜ ይሠራል።

የዲስትሪቢውተሩ ጉዳይ ላይ ክርክር ነበር። እኔ ቫኩም ያለው ይግባ አልኩ፤ እሳቸው ዜሮ ዜሮ ዘጠኙን ብዙ ከፍለውበታል። ከሶማሌ ተራ ያመጣናቸውን አሮጌ ባለ ቫኩም ዲስትሪቢውተሮች በአፍ ፈተንናቸው፤ ቱቦውን ስበህ በምላስህ ስትዘጋው ውስጡ ያለው ሳህን ተጎትቶ እዚያው መቆየት አለበት። አንዳቸውም አልቆዩም፣ ጎማቸው ተቀዷል። አንዱ ደግሞ ዘንጉ በጣት ሲገፋ ወዲህና ወዲያ ይላል፤ እንዲህ ያለ ዲስትሪቢውተር ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የተለያየ ታይሚንግ ነው የሚሰጠው፣ ጎማው ደህና ቢሆንም አይረባም። በመጨረሻ አሜሪካ ያለ ዘመዳቸው አዲስ በሻንጣ ይዞ መጣ።

የቫኩሙ ጥቅም ይህ ነው፦ ነዳጅ በትንሹ ተሰጥቶ በተደላደለ መንገድ ሲነዳ ብልጭታውን 8 ወይም 10 ዲግሪ ያስቀድማል፤ ነዳጅ ሙሉ ሲረገጥ ቫኩሙ ይጠፋና ጭማሪው ወዲያው ይወጣል። ማመንታቱም ይድናል፣ ማንኳኳቱም አይመጣም። አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ያ የቫኩም ሳጥን የሚሠራው በውጭው አየርና በካርቡሬተሩ ውስጥ ባለው አየር ልዩነት ነው። አዲስ አበባ ላይ የውጭው አየር ራሱ ደካማ ስለሆነ ሳጥኑ የሚስበው ያንሳል። ሞተሩ ብልጭታ ቀደም እንዲልለት በሚፈልግበት ከፍታ ላይ ሳጥኑ ትንሽ ይሰጣል ማለት ነው።

ታይሚንጉን ያስተካከልነው ሚኒሞ ላይ አይደለም። የቫኩሙን ቱቦ ነቅለን አፉን ዘጋን፣ መብራቱን አንደኛው ሲሊንደር ላይ ይዘን፣ ሞተሩን በደቂቃ 3,500 ዙር አስቀመጥነው፤ ምልክቱ ከዚያ በላይ መንቀሳቀሱን እስኪያቆም ማለት ነው። ከዚያ ዲስትሪቢውተሩን እያዞርን ቀዩን ምልክት ከመጋጠሚያው መስመር ጋር አገናኘነው፣ 28 ዲግሪ። ሚኒሞ ላይ የፈለገው ይምጣ፤ 6 ሆነ፤ ደግሞም ደህና ቆመ። የተሻሻለ ሞተር ላይ የፋብሪካው የሚኒሞ ቁጥር ብዙ አይረዳም፤ ስፕሪንጉ አርጅቶ ወይም ዲስትሪቢውተሩ ሌላ ሆኖ ከሚኒሞ እስከ ላይ የሚጨምረው ዲግሪ ስለሚለያይ፣ ሚኒሞ ላይ 7.5 ያለው ሞተር ከፍተኛው ዙር ላይ 27ም 35ም ሊሆን ይችላል። ፒስተን የሚበላው ላይኛው ነው።

መሐንዲሱ ግን 28 አልዋጠላቸውም። «እዚህ 32 ይወዳል ካልክ፣ ስወርድ ብቻ ለምን አልመልሰውም?» ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን እንዲህ ነው፦ ዲስትሪቢውተሩ የሚዞረው በክራንክሻፍቱ ግማሽ ፍጥነት ነው፤ 4 ዲግሪ ማለት ዲስትሪቢውተሩ ላይ 2 ዲግሪ ብቻ ነው። ግንዱ አጠገብ ያ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሞጆ ላይ ቆሞ በካቻቢቴ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚያዞር ሰው የቱ ጋ እንደሚያቆመው አያውቅም።

ይህን በቃል ብቻ አላሳመንኳቸውም። እንጦጦ ዳገት ላይ ወሰድናት። ከአንድ ምሰሶ እስከ ሌላ ምሰሶ፣ በሦስተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ሙሉ ተረግጦ፤ እሳቸው ሰዓት ይይዛሉ፣ እኔ እነዳለሁ። በ32፣ በ30 እና በ28። ልዩነቱ በእጅ ሰዓት የሚያዝ አልነበረም። ወደ ምቹው ነጥብ ሲቀርቡ ኩርባው ይደላደላል፤ ጥቂት ዲግሪ ወደኋላ ብትል የምታጣው ጉልበት ኢምንት ነው፣ ጥቂት ወደፊት ብትል ግን ቆላ ላይ ቅጣቱ ፒስተን ነው። «እንግዲያው 28» አሉ።

ጄቱን 125 አደረግነው። አዲስ አበባ ላይ ከመቶ 11 ያህል ቤንዚን ያበዛል፣ መተሐራ ላይ ግን ልኩን ሊሆን ምንም አይቀረውም። በዚህ አልተስማሙም፤ የቤንዚን ዋጋ በተወደደበት ዘመን ሆን ብሎ ማብዛት ምን ይሉታል አሉ። 122.5 ቢሆንስ? ያስኬዳል፣ ግን መተሐራ ላይ ከልኩ በጥቂቱ ያንሳል፤ 8.4 ለ1 ያለው፣ አየር የሚያቀዘቅዘው ሞተር ላይ በዚያ በኩል መሳሳት አልፈልግም። 125 ጸና፣ ማጉረምረማቸውም ጸና።

ቆላ ላይ

መጀመሪያ ሲወርዱ አዲስ ካንዴላ አስገብተንላቸው፣ አሮጌውን ይዘው እንዲሄዱ አደረግን። መተሐራ ሊገቡ ሲሉ፣ በሰቃ ሐይቅ ዳር፣ ሞተሩ በሙሉ ጉልበት ሲሠራ ቆይቶ፣ ቁልፉን ዘግተው ማርሹን ነፃ አድርገው እንዲቆሙና ሚኒሞ ሳያደርጉት አንዱን ካንዴላ እንዲያወጡ ነገርናቸው። ሚኒሞ ላይ ከቆየ ካንዴላው የመንገዱን ሳይሆን የቆመበትን ነው የሚያሳየው። ጓንት አድርገው አውጥተው በስልክ ፎቶ ላኩ። ሸክላው ፈዘዝ ያለ ቡናማ ሆኖ ነበር፣ ነጠብጣብም የለበትም። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተው በጣታቸው ይዘው ቆጠሩ፤ ቀድሞ ሊነካ የማይችለውን አሁን ጥቂት ሴኮንድ መያዝ ቻሉ። ይህ የድሮ የቮልስ ሰዎች ፈተና ነው፤ ቴርሞሜትር አይተካም፣ ግን ለመንገድ ይበቃል።

ሲመለሱ ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ወጡት። ከተማ ውስጥ መኪናዋ እንደ ድሮው «አትስቅም»፤ ነዳጅ ሲሰጧት ግን አታመነታም።

በቀጣዩ የዘይት መቀየሪያ ስትመጣ መብራቱን ስንይዝባት ከፍተኛው ከ28 ወደ 26 ወርዷል። ማንም አልነካትም። አዲስ ኮንታክት ፖይንት ገና ሲለምድ በዲስትሪቢውተሩ ዘንግ ላይ የሚፈተገው የፋይበር ተረከዙ ይበላል፤ ክፍተቱ ይጠባል፣ ብልጭታውም እየዘገየ ይሄዳል። ክፍተቱን ወደ 0.4 መለስነው፣ ተረከዙ ላይ ጥቂት ቅባት አደረግን፣ ቀዩ ምልክት መጋጠሚያው ላይ ተመልሶ ገባ።